መኪናው እስኪነሳ

«ማን ነው እንዲህ ጠፍሮ ያስቀመጠው? ሰው የለም እዚህ ቤት?»

ጩኸቷ ኮሪደሩን አልፎ እስከ መጦሪያ ቤቱ ግቢ ተሰማ። ፀጉር ቤቷን ዘግታ የአባቷን ጺም ልትላጭ መምጣቷ ነበር። አባቷ ግን በመደገፊያ ወንበራቸው ላይ ወገባቸው በመኪና ቀበቶ ታስሮ፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ጨዋ ተሳፋሪ ፊት ለፊት እያዩ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ የቁርሱ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዞ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ወንበሩ ርሶ እንደሆነ ልትዳስስ እጇን ከጀርባቸው ስትሰድ «ቀስ በይ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። ሸሚዛቸውን ገለጥ አደረገች። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያክል ቆዳ ተልጦ ሥጋው ይታያል። ደሟ ፈላ።

አስታማሚዋ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩጫ ደረሰች።

«የት ነበርሽ? ሰው ነው እኮ! በግ እንኳን ሲታሰር ገመዱ ይረዝምለታል!»

«አንዲት እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀውብኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ብቻዬን ነኝ።»

«አያገባኝም! ኃላፊዋን ጥሪልኝ። ዛሬ ከዚህ ቤት ካላስባረርኩሽ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!»

ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ቁጣ ይጣፍጣል። ልጅቷም ኃላፊዋ ስትመጣ የምትለውን በልቧ እየደረደረች፣ ክስና ጋዜጣ ድረስ ሄዳ ነበር።

አስታማሚዋ አንገቷን ደፋች። ጥፋቷን አልካደችም። «እውነት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ተመልሼ አላየኋቸውም። አንዴ ቀበቶውን ካሰርኩላቸው አይነሱም፣ አይጣሩም። ደህና ናቸው ብዬ ወደሌሎቹ ሮጥኩ።» ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እርስዎ እንዳሳዩኝ ‹መኪናው ሊነሳ ነው› ብቻ ነው ያልኳቸው» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ቀበቶው መለሰች።

ወንበሩ የራሷ ነው፤ ከነቀበቶው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካላሰረ ሞተር አያስነሱም፤ ተሳፋሪው ቢለምን፣ ቢሳደብ፣ ባለሥልጣን ነኝ ቢል ወይ ፍንክች። ባልደረቦቻቸው «አባ ቀበቶ» ብለው ይስቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድም ሰው በመስታወት ወጥቶባቸው አያውቅም። አእምሯቸው መዘንጋት ሲጀምር አውቶቡሳቸውን ፍለጋ እየወጡ አስቸገሩ፤ አንድ ቀንም ደረጃ ላይ ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተ። ያኔ ነው ልጅቷ ዘዴ የመጣላት። ጋራዥ ከወደቀ ሚኒባስ ላይ ቀበቶ አስፈታች፤ ወንበሩ ላይ በብሎን አስመታች። ጠዋት ጠዋት «አባዬ፣ መኪናው ሊነሳ ነው» ትላቸውና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። በመጀመሪያ ለምሳ ትመለስ ነበር። ደንበኛ ሲበዛ ግን ማታ ብቻ ሆነ። ጎረቤት አባቷን የምትጦር እያለ ሲመርቃት አሜን ትላለች።

ቁስሉም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ቤት እያሉ ቦታው ሲቀላ ቫዝሊን ቀብታ በሸሚዝ ሸፍናዋለች። ወደዚህ ከነወንበራቸው ስታመጣቸው አጠቃቀሙን ለአስታማሚዋ ያሳየችው በገዛ እጇ ነው፤ ያውም እየሳቀች። «ይኸውልሽ፣ እንደ ሕፃን ይታዘዝልሻል።»

አፈረች። ኃላፊዋን ጥሪ ያለችውን ቃል መልሳ ብትውጠው ወደደች።

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ሹፌሩ ላይ አትጩሂ» አሉ አስታማሚዋን በአገጫቸው እያመለከቱ። «የሚጮኹበት ሹፌር ሰው ይገጫል። ዘገየ እንጂ መነሳቱ አይቀርም።»

«እሺ አባዬ።»

በእጃቸው ጠርተዋት ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ሽንቴ መጥቶብኝ ነበር። እንዳልወርድ ቀበቶ አስሬያለሁ። እዚሁ አመለጠኝ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በስተርጅና ተዋረድኩ። ለሹፌሩ እንዳትነግሪው፤ ወንበሩን አበላሸሁበት።»

ልጅቷ ተንበረከከችና ቀበቶውን ልትፈታ እጇን ሰደደች። አባቷ ማሰሪያውን ከላይ ሸፍነው ያዙባት። ጉልበታቸው የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ፣ ጣቶቿን አላላውስ አሉ።

«መኪና ሳይቆም ቀበቶ አይፈታም! ስንቴ ልንገርሽ?»

«አባዬ፣ እባክህ…»

«አይፈታም አልኩሽ! ብትወድቂስ?»

አስታማሚዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷም አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ስትዋሻቸው የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ እንዲህ የከበዳት ግን የዛሬው ነው።

«ቆሟል አባዬ» አለች በመጨረሻ። «ደርሰናል።»

«ደርሰናል?»

«አዎ፣ ደርሰናል።»

ራሳቸው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑት። ቀበቶው ላላ። ላስቲክ የለበሰውን አልጋ፣ ባዶውን ግድግዳ፣ በሩን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ሰፈሩ እንደጠፋበት ሰው።

«እዚህ ነው እንዴ የምወርደው?» አሉ።

ከዚያ ትከሻዋ ላይ ያለውን፣ ከገባች ጀምሮ ያላወረደችውን ቦርሳ አዩ።

«አንቺ ቀጥለሽ ነው የምትሄጂው?»