የሚደወልላት ሚስት

ኑሰይባ ሞጆ ውስጥ ለአንድ የከባድ መኪና ማኅበር ሲስተም ትሠራለች። ሾፌር አደጋ ሲደርስበት የሚደወልላት ሚስት ስም የሚወጣበት ገጽ፣ ለባሏ ለጃዕፈር «ዙሀራ» ይላል። ዋናው መዝገብ፣ ዳታቤዙ፣ ውስጥ ግን ያለው የእሷ ስም ነው። ዙሀራ የሚለው ገጹ ለፍጥነት ብሎ ያስቀረው አሮጌ ቅጂ መሆን አለበት። ደወለችለት።

«ከእኔ በፊት ዙሀራ የምትባል አግብተህ ነበር?»

«ወላሂ ካንቺ በፊት ማንም የለም። ዛሬ ደሞ ፖሊስ ሆንሽ?»

አመነችው። ቅጂውን አጥፍታ ገጹ በቀጥታ ከዳታቤዙ እንዲያነብ አደረገች። ዳታቤዙ የእሷን ስም እንደያዘ ነው፤ ገጹ ግን አሁንም ዙሀራ ይላል። ጃዕፈር አልዋሸም፤ ዙሀራ የተመዘገበችበት ቀን የሚመጣው ዓመት ጥቅምት ነው። ከሥሩ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የጻፈው ማስታወሻ አለ፦ «የመጀመሪያዋ ሞታለች። ወደ ስልኳ አትደውሉ፤ ታነሳለች።»