የአባዬ ግራ ዓይን

የዓይንን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳውን ማሽን የሠራነው እኔና ባልደረባዬ ነን። ሕያው ዓይን ካላገኘ አያነሳም፤ ኩራታችንም እሱ ነው። ነገ የአባዬ ቀኝ ዓይን ኦፕራሲዮን የሚደረገው በዚሁ ማሽን እየታየ ነውና ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። ያለው አንድ ዓይን ነው፤ ግራው ከድሮ ጀምሮ ፕላስቲክ ነው።

አባዬ አገጩን መደገፊያው ላይ አሳረፈ። ቀኙ ተነሳ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ወደ ግራው ዞረ።

«ወንድሜ፣ እሱ ፕላስቲክ ነው፤ በከንቱ አትልፋ» አለው አባዬ ማሽኑን፣ እየሳቀ።

ማሽኑ ቀጭ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘረጉ።

«የቀኙን ደግሞት ይሆናል» አለ ባልደረባዬ። «ማሽንም እንደ ሰው ይቃዣል።»

እኔ ግን አላስቻለኝም። አባዬን «ግራ ዓይንህን አውጣው» አልኩት። አውጥቶ ግራ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ቀኝ ዓይኑን ለምርመራው የተደረገለት ጠብታ ስላቃጠለው በሌላው እጁ መሐረብ ይዞበታል። ፕላስቲኩን ልየው ብዬ የጠረጴዛውን መብራት ወደ መዳፉ አዞርኩ።

«ልጄ፣ መብራቱን ዞር አድርጊው፤ ዓይኔን ወጋኝ።»

መሐረቡ ከቀኝ ዓይኑ ላይ አልተነሳም።

«የቱን ዓይንህን፣ አባዬ?»

የግራ እጁን ጣቶች ቀስ አድርጎ አጠፈና ጨበጠ።

«እፎይ» አለ። «አሁን ጨለመልኝ።»