ውሃ የማይጠጣው ተቆጣጣሪ

የውጭ እርዳታ ምን ላይ እንደዋለ የሚያጣራው መሥሪያ ቤት ለማንም አይታዘዝም። ከዚያ የተላከው ተቆጣጣሪም ከሚመረምረው ሰው ውሃ እንኳ አይጠጣም። ውሃውን በኮዳ፣ ብስኩቱን በቦርሳ ይዞ ይዞራል። ጤና ጣቢያ ደርሶ አዋላጇ ወንበር ብታቀርብለት፣ የሚያመውን ወገቡን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«አልጋው የት አለ፣ ሲስተር?»

ለጋሾች ለማዋለጃ ክፍሉ የሰጡት አልጋ አንድ ነው። እሱም የለም። ሲሚንቶው ላይ የእግሮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ አንዲት አራስ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች።

«ሁለት ሰዎች ለጥገና ብለው ጭነውት ሄዱ» አለች አዋላጇ። «ምኑ ይጠገናል? ደህና አልጋ ነበር እኮ። ራስጌው በእጀታ ከፍ ዝቅ የሚል፣ እናቶቹ ሲያምጡ ቀና ብለው...»

«ምን እንደሚመስል ማን ጠየቀሽ? የት እንዳለ ንገሪኝ! ማን አዘዛቸው?»

«ከላይ ነው አሉኝ።»

«ከላይ ማን?»

«ከላይ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማን ተብሎ ይጠየቃል?»

«መቼ ነው የሄደው?»

«ያለፈው ተቆጣጣሪ ቆጥሮት፣ በማግስቱ።»

ተቆጣጣሪው ድፍረቱ ገረመው። የቆጠረው ሰው ገና ከከተማው ሳይወጣ!

«የእህትሽ ባል የግል ክሊኒክ አለው አሉ።»

«አለው። እዚሁ ማዶ።»

«እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው!»

«አጋጣሚ አይደለም፤ ጋብቻ ነው።»

አራሷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ተቆጣጣሪው አልሳቀም። መንገዱን ተሻግሮ የአማችየውን ክሊኒክ ክፍል በክፍል አስከፈተ። ያገኘው የጣውላ አልጋ ብቻ ነበር።

«አልጋውን ካገኙት ለእኔም ይንገሩኝ» አለ ባለ ክሊኒኩ። «የእኔዎቹ ሲንቋቁ በሽተኛ ያስደነግጣሉ።»

ቀልድ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው አያጣም ሲል ተቆጣጣሪው በልቡ ያዘው። ጠዋቱ እንዲሁ አለቀ። ዘበኛው አላየሁም አለ፤ ፋርማሲስቷ ያኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ አለች፤ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው የለም ተባለ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ከሰዓት በኋላ የወረዳው አስተዳዳሪ ዘንድ ሄደ። አስተዳዳሪው እጆቹን ዘረጋ።

«ምን ልበልዎት? ሴትዮዋ ምላሷ ረጅም ነው፤ እጇን ግን አላውቅም። ብቻ የእንግዳ ማረፊያችን ተመቸችዎት?»

ተቆጣጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ።

«ስለ ማረፊያዋስ እግዜር ይስጥልኝ! ወገቤ የሰው ወገብ የሆነው ትናንት ነው። ኪራዩን ግን ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ደረሰኝም ይዣለሁ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ያለፈው ባልደረባዎም ወገባቸውን ያማቸው ነበር። ሥራችሁ ከባድ ነው።»

ተቆጣጣሪው ወደ ማረፊያው ሲመለስ አዋላጇ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ለራሴ ብዬ አይደለም የመጣሁት። እኔን ካባረሩኝ ሌላ አዋላጅ የለም፤ ክፍሉ ይዘጋል። ሴቶቹ የት ይሂዱ? ወለሉም እኮ ሊቀርባቸው ነው! እባክዎ፣ አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ።»

«የእርዳታ ንብረት በተረት አይወራረድም፣ ሲስተር።»

«እሺ፣ ፈልጉት! ፈልጋችሁ አምጡልኝ! እኔ የምለው ሌላ ምንድን ነው?»

«ቀኑን ሙሉ ምን ስሠራ የዋልኩ መሰለሽ?» አለና በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው።

ጫማውን አወለቀ። ከኮዳው ተጎነጨ። እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ፦ አዋላጇ ከሥራ ትታገድ፤ አልጋው እስኪገኝ ድረስ ማዋለጃ ክፍሉ ይዘጋ። አንዴ አነበበውና ላከው።

ከዚያ ወገቡን ደግፎ ከአልጋው ወረደ፤ ከግርጌው በኩል ያለችውን እጀታ ያዘና ማዞር ጀመረ፤ ራስጌው ቀስ እያለ ዝቅ አለለት።