ቦታ የተያዘበት ፉርጎ

ኤግበርትና ታናሽ ወንድሙ ሃርትሙት ዕድሜ ልካቸውን በአሻንጉሊት ባቡር ሲነታረኩ ኖረዋል። የኤግበርት ባቡር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው መሃል ከተዘረጋው ሦስተኛ ሐዲድ ነው፤ የሃርትሙት ግን ከግራና ከቀኙ ብቻ። የሃርትሙት ፉርጎ በኤግበርት ሐዲድ ላይ ቢጎተት ይሄዳል እንጂ መብራቱ አይበራም።

ሃርትሙት ከተቀበረ በኋላ ሚስቱ ኢርምጋርድ አንድ ፉርጎ በሹራብ ጠቅልላ ኤግበርት ባቡሩን ወደዘረጋበት ምድር ቤት ወረደች።

"የመጨረሻ ሥራው ነው። እስቲ በመስኮቱ እየው!"

ውስጡ ጥፍር የሚያህል አንድ ሰው ብቻ ተለጥፏል። አረንጓዴ ኮቱ ሳይቀር ቁርጥ ሃርትሙትን ነው። ባርኔጣውን፣ በእውነተኛው ባቡር ሁልጊዜ ያደርግ እንደነበረው፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጧል።

"ቦታ የያዘው ለማን ነው?"

"ለማን ይሆናል? 'ያ ግትር ወንድሜ አንድ ቀን በኔ ፉርጎ መሳፈሩ አይቀርም' ይል ነበር።"

ኤግበርት ሳቀ። ፉርጎውን በራሱ ባቡር ጭራ ላይ ቀጥሎ ባቡሩን ለቀቀው። መታጠፊያው ላይ እየተንገዳገደ ዞረ። ከዋሻው ሲወጣ መስኮቶቹ በርተዋል።

"አይበራም ስትል አልነበር እንዴ?" አለች ኢርምጋርድ።

"አዎ፣ አይበራም" አለና ሶኬቱን ነቀለ።

ባቡሩ ቆመ። የፊተኞቹ ፉርጎዎች ጨለሙ። የኋለኛው እንደበራ ነው። ኤግበርት ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ።

ባርኔጣው ከወንበሩ ተነስቶ ሰውየው ጭን ላይ ተቀምጧል።