አርባ ሦስት ዲግሪ

አምና ሽንኩርት የሚመስሉትን የአበባ ኮረቶቿን ሻጋታ መሬት ውስጥ አበስብሶ ጨርሶባታል። ዘንድሮ፣ የግብርና ባለሙያዋ እንደመከረቻት፣ ከመትከሏ በፊት አርባ ሦስት ዲግሪ በሞቀ ውሃ ዘፈዘፈቻቸው። «ቢበርድ ሻጋታው ይተርፋል፤ ቢግል ኮረቱ ይሞታል» እያለች ቴርሞሜትሩን ባልዲው ውስጥ ስትከትና ስታወጣ አረፈደች።

መቆፈሩ የባሏ ድርሻ ነበር። ለአፍታ ወደ ጓሮ ወጥታ ስትመለስ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያቃስታል።

«አንቺዬ፣ ትኩሳት ሊገድለኝ ነው! ቴርሞሜትርሽን ብብቴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ እስቲ እዪው።»

ደንግጣ መዥርጣ አወጣችው። አርባ ሦስት! ኡኡ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጫፉ ላይ የተለጠፈች የኮረት ልጣጭ አየች።

«እሰይ፣ የኔ ጌታ» አለችው ዶማውን እያቀበለችው። «ሻጋታህ ሞቷል። ተነስ፣ ለተከላ ደርሰሃል።»