ያልወረደው ብርጭቆ

የምንኖርበት ፕላኔት ሰው የሠራው መሣሪያ ነው፤ ከላይ እስከ ታች መድፍ። ሲተኩስ ሁሉም ነገር ስለሚንቀጠቀጥ፣ እዚህ ሰው የሚጠጣው በቆርቆሮ ነው። ብርጭቆ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ የእናቴ። ተኩስ በታዘዘ ቁጥር ከመደርደሪያ አውርጄ፣ በካልሲ ጠቅልዬ አቅፈዋለሁ።

መድፉ የሚተኩሰው ተራ የደረሰው ቤት ቁልፉን ሲጫን ብቻ ነው። ዛሬ ተራው የኔ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ የመድፉ አዛዥ ሻለቃ ደርብ በድምፅ ማጉያው ጠራኝ።

"ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ዒላማው ተስተካክሏል። ይጫኑት!"

"ዒላማው ምንድነው?"

"አንዲት ትንሽ ጨረቃ ናት።"

"ሰው አለባት?"

"አንድ ሁለት መንደር ቢኖር ነው።"

"እንግዲያው አልጫንም።"

"ካልተጫኑት ዓመቱን ሙሉ መብራትም ምድጃም የለዎትም!"

"ቁረጠው። ሽንኩርት በጥሬውም ይበላል።"

ቆረጠው።

ጎረቤቴ እትዬ ፋናዬ ድስቶቿን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። "አንቺ! ብርጭቆሽን አታወርጂም እንዴ? ሊተኮስ ነው እኮ!"

"ማን ይተኩሳል?"

ወለሉን አየች። ንቅንቅ አላለም። ድስቶቿን መሬት አስቀምጣ ሳቀች።

"በይ በዚያች ብርጭቆ ውሃ አጠጪኝ።"

ቀስ ብላ ጠጣች። ብርጭቆውን ራሷ መልሳ ላይኛው መደርደሪያ ሰቀለችው።

ቤቷ ስትገባ በግድግዳው በኩል ሰማኋት፤ ድስቶቿን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው እየመለሰች ነው። ነገ ተራው የሷ ነው።