ጥርስ አልባ የጥርስ ሕመም

በፈረንጆቹ 2014 ጸደይ፣ እምነትን የጎደላት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ፈተናውንም አልፋለች። ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ከማመልከትሽ በፊት ክሊኒክ ገብተሽ ሥሪ ስለተባለች፣ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ባለው የዶክተር ባስልዮስ ክሊኒክ ዓመት ሊሞላት ነው። መሣሪያ ትቀቅላለች፤ የታካሚ ምራቅ በማሽን ትመጥጣለች፤ መርፌ የሚፈራውን እጁን ትይዛለች። ሥራውን ከልቧ ወዳዋለች። የሰው መንጋጋ አይቶ ደስ የሚለው ሰው ብዙ አይገኝም፣ እሷ ግን ደስ ይላታል።

ችግሩ ዶክተሩ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ትዳር የለውም፤ ከሰው ጋር የሚጫወተው ታካሚው አፉን ከፍቶ መመለስ ሲያቅተው ብቻ ነው። ደብዳቤውን ስትጠይቀው ጓንቱን እያወለቀ፣ «ሁለት ዓመት አብሮኝ ላልሠራ ሰው አልጽፍም» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግሌንዴል፣ ቤቷ ገብታ ለእናቷ እያለቀሰች ነገረቻቸው።

«ያለሱ ሌተር አፕላይ ማድረግ አልችልም፣ እማዬ። አንድ ዓመት ሙሉ ተቃጠለ ማለት ነው።»

«ቁጡ ነው?»

«ዝምተኛ ነው።»

«ትልቅ ሰው ያከብራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ታካሚ ሲያከብር አይቻለሁ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሚሠሩት አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚያቀርቡት ምግብ ነው። ሳህን አቀረቡላት።

በሳምንቱ አቶ ተክለሚካኤል የሚባሉ አዛውንት ከፓርክ ሂል ድረስ ጥርሴን አመመኝ ብለው መጡ። እምነት ወንበሩን አስተካክላ መብራቱን አበራች።

«የትኛው ነው ያመምዎት፣ አባባ?»

በጣታቸው አሳዩዋት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ጎኑም ያለው እንደዚያው። ከላይም ከታችም አንድ እንኳ የራሳቸው ጥርስ የለም።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሊያምዎት አይችልም።»

«እኔም ገርሞኛል» አሉ፣ ከእግር እስከ ራሷ እያዩዋት። «ስሚ እስቲ፣ ይሄ ዶክተር የማን ልጅ ነው?»

እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ሊዲያ፣ ሽማግሌው እስኪወጡ በትዕግሥት ጠብቃ ወደ እምነት በረረች።

«ምን እንደጠየቁኝ ታውቂያለሽ? የዶክተሩን የንስሐ አባት! ከዚያ ደግሞ ያንቺን ጸባይ! ኦ ማይ ጋድ፣ እምነት፣ ሁለታችሁን እያጠኑ ነው። ዶክተሩ ሽማግሌ ሊልክብሽ ነው!»

«አብደሻል? መልኬን እንኳ አይቶ አያውቅም፤ ሁሌም ማስክ አድርጌ ነው።»

«ዓይንሽን አይቷል» አለች ሊዲያ። አዲስ አበባ ስላደገች፣ በዘጠኝ ዓመቷ አሜሪካ በገባችው እምነት ላይ በዚህ በዚህ ጉዳይ ፕሮፌሰር ነበረች።

በቀጣዩ ሳምንት አቶ ተክለሚካኤል ሌሎች ሁለት አዛውንት አስከትለው መጡ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፣ እነሱ ግን ቆሙ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለች እምነት።

«ግድ የለም ልጄ፣ መቀመጡ ይደርሳል።»

ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ብላ አዘነችላቸው። ከዶክተሩ ቢሮ ሲወጡ ግን ሦስቱም ወንበር ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ፤ ውሃ አስቀድተው ጠጡ፤ ፊታቸው በራ። ዶክተሩ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ቤትም ነገሩ ጤና የለውም። እናቷ ስልክ ላይ ሆነው እሷ ስትገባ ዝም ይላሉ። ምንጣፉ ታጠበ። አዲስ ቀሚስ ተገዛ።

ዓርብ ዕለት ዶክተሩ ታጥቦ የደረቀውን እጁን እንደገና እያደረቀ፣ «እምነት» አላት፤ «እሁድ ሽማግሌዎቹ እናንተ ቤት ይመጣሉ። ከእኔ ከምትሰሚው ከእነሱ ብትሰሚው ይሻላል።»

ደሟ ፈላ። ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለዚህ ነው? እሺ ብትል ሕይወቷ፣ እምቢ ብትል ደብዳቤው። ፈራችም፣ ተናደደችም፤ ከሁሉም ያንገበገባት ግን ያን የመሰለ ጎበዝ ሐኪም ከዓይኗ መውደቁ ነበር።

«ስሚኝ» አለቻት ሊዲያ። «ልጃችሁን ስጡን ብሎ የመጣ ሽማግሌ፣ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ቆመው ሳለ እምቢ በይ። ከተቀመጡ፣ እናትሽ ቀድመው ቃል ሰጥተዋል ማለት ነው፤ አለቀልሽ።»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። እምነት እምቢታዋን ምላሷ ላይ አዘጋጅታ መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆመች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ፤ እናቷን ሳሙ፤ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይባሉ ሶፋው ላይ ተደላድለው የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። እናቷ እልል ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ አየች።

«አላገባውም!» ብላ ወጣች። «ዶክተር ባስልዮስን አላገባም! ደብዳቤውም ይቅርብኝ! ሌላ ክሊኒክ ገብቼ ከዜሮ እጀምራለሁ!»

የእናቷ እልልታ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። አቶ ተክለሚካኤል ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በምላሳቸው አስተካክለው ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ እርስዎ ወደ ሰውዬው የላኩን ደብዳቤውን እንዲጽፍላት ነው፤ ቆመን ለምነን እሺ አስብለነዋል፤ ጋብቻውን ደግሞ ማን ጨመረበት?»